የእድሩ ግቢ ፀሐይ

ድስት የምሠራው ሰው ከጣለው ነገር ነው። የተሰበረ የሞተር ክዳን፣ ያረጀ መጥበሻ፣ የመስኮት ፍሬም፣ ቆራሌ ከየሰፈሩ የለቀመውን አሉሚኒየም ሁሉ ሱፍያን በጆንያ እየሞላ ያመጣልኛል። እኔና ሠራተኛዬ ያደታ አቅልጠን፣ በአፈር ቅርጽ ውስጥ አፍስሰን፣ ሞርደን ድስት እናደርገዋለን። ሱፍያን መልሶ መርካቶ ወስዶ ይሸጠዋል። አቃቂ በሰቃ ላይ ይህን ሥራ የጀመረው ባሌ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ እኔ ያዝኩት። ‹‹ብዙወርቅ ደግሞ ብረት ልታቀልጥ ነው?›› ብለው የሳቁብኝ ሴቶች ዛሬ በእኔ ድስት ነው ወጣቸውን የሚሠሩት።

ቀድሞ የምናቀልጠው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር። ከጋራዥ በበርሜል ገዝተን፣ በቧንቧ እያንጠባጠብን፣ በማራገቢያ እያነፋን። እሳቱ ጥሩ እሳት ነው፤ ጭሱ ግን የሚያሳፍር ነበር። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ነጭ ልብስ ያሰጣ ሰው ግራጫ ልብስ ነው የሚለቅመው። ከሁሉ የባሰባቸው እትዬ አቻምየለሽ ናቸው። ቤታቸው ከግድግዳዬ ጀርባ ነው፣ አስም አለባቸው። ሲያስሉ እኔ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ሄደው ወረዳ ከሰሱኝ።

እኔም ሰው ነኝ፣ ተናደድኩ። እንጀራዬን ሊዘጉ ነው ብዬ ሰላም መባባል ተውን። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስንገናኝ እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ክርክሩ ተንዛዝቶ ተንዛዝቶ በመጨረሻ ወረዳው ዘይት ማንደድ ከለከለኝ። ‹‹በኤሌክትሪክ አቅልጪ›› አለኝ የቢሮው ሰውዬ፤ ይህን ሲለኝ ራሱ ቢሮው መብራት ጠፍቶበት በስልኩ ባትሪ ነበር ወረቀት የሚፈልገው።

ልጄ ማህሌት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ቴክኒክ ኮሌጅ ታስተምራለች። አንድ እሁድ መጥታ በፀሐይ እናቅልጥ አለችኝ። ሳቅሁባት። ፀሐይ በርበሬ ታደርቃለች፣ ጭንቅላት ታዞራለች፣ የሞተር ክዳን ስታቀልጥ ግን አላየሁም አልኳት። እሷ እንደ አባቷ ናት፣ ከተሳቀባት ይብስባታል። ከመስታወት ቆራጮች ቁርጥራጭ መስታወት እየለመነችና እየገዛች፣ የትሪ ስፋት እያስያዘች፣ በበያጅ ባሠራችው ትልቅ የብረት ክፈፍ ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። እያንዳንዱ በትንሹ ጋደል ብሎ ብርሃኑን ወደ አንድ ቦታ ብቻ ይወረውራል። አንዱ መስታወት ብቻውን ግድግዳ ላይ ከመብለጭለጭ በቀር ምንም አያደርግም። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ሲተባበሩ ግን ሣንቃ ፊታቸው ብታደርግ ሳይጨስ ቦግ ይላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ፤ የልጄ መስታወት ደግሞ የሃምሳውን ሸክም አንድ ላይ የሚጭን ነው።

ችግሩ ቦታው ነበር። የእኔ ግቢ ጎኑ ፎቅ ከቆመበት ወዲህ ፀሐይን የሚያያት እንደ እንግዳ ነው፣ ብቅ ብላ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማይለየው በሰፈራችን አንድ ግቢ ብቻ ነው፤ እሱም የእድሩ ግቢ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት የሚቀመጥበት ቤት ከምሥራቅ በኩል ነው፤ የቀረው ሜዳ ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሳህሌ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ሳህሌ ነገር ሳያላምጡ አይውጡም። ብዙ ካሰቡ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው እስኪወስን ድረስ የምዕራቡን ግማሽ ሞክሪበት አሉኝ፤ ለቅሶ ሲመጣ ግን ግቢው የለቅሶ ነው አሉ። እሺ አልኩ። ጉባኤው እንቢ ካለ ሌላ መሄጃ እንደሌለኝ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። የእኔም የያደታም እንጀራ በዚያ ግማሽ ሜዳ ላይ ቀረ።

ዝናቡ እንዳባራ መስከረም መጨረሻ ላይ ጀመርን። ምድጃውን ከመስታወቱ ፊት ለፊት ራቅ አድርገን ሠራነው፤ አፉ ወደ መስታወቱ ያያል፣ የብረት በር አለው። ያደታ የብየዳ መነጽር አድርጎ ክፈፉ አጠገብ ይቆምና፣ ፀሐይ ስትሄድ ብርሃኑ ከምድጃው አፍ እንዳይወጣ መዘውሩን ጥቂት ጥቂት ያዞራል። የመጀመሪያው ቀን ማቅለጫው ውስጥ የነበረው መጥበሻ ቀስ ብሎ እንደ ደከመው ሰው ሲጎብጥ፣ ከዚያ ሲተኛ፣ ከዚያ ውሃ ሲሆን አየሁ። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ድምፅ እንኳን የለም። አለቀስኩ። ያደታ ‹‹እትዬ፣ መነጽርሽን አታውልቂ›› ብሎ ተቆጣኝ።

በዘይቱ ጊዜ የምናወጣውን ያህል አናወጣም ነበር፤ ደመና ሲመጣ ቁጭ ብለን እናወራለን። ቢሆንም ድስቱ ያው ድስት ነው። ገዢው ጫፉን በጥፍሩ ኳ አድርጎ ይሰማል እንጂ በምን ቀለጠ ብሎ አይጠይቅም። ሱፍያን ‹‹መርካቶ ላይ የፀሐይ ድስት ብዬ ላስወድደው?›› ሲለኝ፣ ሌባ ይሉሃል ብዬ ከለከልኩት።

ማህሌት አንድ ነገር አጥብቃ ነግራናለች። ሥራ ስታቆሙ መጀመሪያ መስታወቱን ሸፍኑ፣ ምድጃውን ከዚያ ዝጉ አለች። ፀሐይ ትሄዳለች፣ ብርሃኑም አብሯት ይሄዳል፤ መዘውሩን የሚያዞር ሰው ከሌለ ከምድጃው ወጥቶ ወደ ምሥራቅ መራመድ ይጀምራል፣ ያገኘውን ያቃጥላል አለች። ለዚህ ሥራ ጥቁር ሸራ አለን፤ ከክፈፉ ጀርባ ላይ ተወጥቶ በገመድ ወደ ፊት የሚወርድ፣ ለሁለት ሰውም ቢሆን ጊዜ የሚፈጅ። ማታ ማታ እንሸፍን ነበር። አንድም ቀን አልረሳንም።

በጥር፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን በሆነበት ሰሞን፣ ጋሽ ዘአማኑኤል የሚባሉ ጎረቤታችን ሆስፒታል ተኝተው አረፉ። የባቡር ጡረተኛ ነበሩ፤ በእድሩ ውስጥ ከሳቸው የሚቀድም አባል የለም። እኩለ ቀን ላይ፣ ማቅለጫችን ግማሹ ቀልጦ ግማሹ ሳይቀልጥ፣ ጡሩምባው ተነፋ።

በእኛ እድር ጡሩምባ ከተነፋ የያዙትን ጥሎ መሄድ ነው። ሊጥ የያዘች ሊጧን፣ ሱቅ የከፈተ ሱቁን። ድንኳን ሲተከል ስም ይጠራል፣ ያልተገኘው ቀሪ ይባላል። ቅጣቱ ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም፤ የሚያስፈራው ስሙ ነው። ቀሪ የተባለ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ማን ይደርስለታል? እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከማንም በላይ ቀሪ መባል የማልችል ሴት ነበርኩ። ጉባኤው የሚቀጥለው እሁድ ነው። ግቢያቸውን ይዤ፣ የአንጋፋው አባል ለቅሶ ላይ ዘግይቼ ብገኝ ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

የምድጃውን በር ድርግም አድርጌ ዘጋሁትና ነጠላዬን አነሳሁ። ያደታ ገመዱን ይዞ ነበር።

‹‹እትዬ፣ ሸራውስ?››

‹‹ዘግተነዋል እኮ! ና ተው፣ ስም ሊጠራ ነው።››

እንዲህ ያልኩት ሞኝ ስለሆንኩ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ያጠፋሁት በመዝጋት ነው። በዘይቱ ዘመን ጡሩምባ ሲነፋ ቧንቧውን ጠምዝዘን እንሄዳለን፣ እሳቱ ይሞታል፣ አለቀ። እጄ በሩን ሲዘጋ ልቤም ሥራው ተዘጋ አለ። ፀሐይ ቧንቧ እንደሌላት አእምሮዬ ያውቃል፤ እጄ ግን ገና አልሰማም ነበር። ያደታም ገመዱን ለቀቀና ተከተለኝ፤ እሱም ለራሱ የእድሩ አባል ነው።

የጋሽ ዘአማኑኤል ቤት ያለው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያልፍበት መንገድ ውስጥ ነው። ድንኳን አይተከልበትም። ስለዚህ ወንዶቹ ወደ እድሩ ግቢ ሄደው በምሥራቁ ግማሽ ላይ መትከል ጀመሩ፤ ያደታን እንጨት ሊያመጣ ላኩት፤ እኛ ሴቶቹ ከቤተሰቡ ጋር እዚያው ቀረን። አስከሬኑ እስኪመጣ እያለቀስን፣ ውሃ እያቀበልን ቆየን። የሴቶቹ ስም እዚያው ሲጠራ እኔም ‹‹አለች›› ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ነፍሴ መለስ አለች።

ጩኸቱን የሰማሁት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። የለቅሶ ጩኸት አልነበረም። ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል፣ አንዱ ማዕዘን ይጨሳል። ብርሃኑ ከተዘጋው የምድጃ በር ላይ ወርዶ፣ ሜዳውን ቀስ ብሎ ተሻግሮ፣ ሰዎቹ ገመድ ሲወጥሩ ከአጠገባቸው አልፎ፣ አዲሱ ድንኳን ላይ ወጥቷል። ማንም ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ የፈለገ ሁሉ ወደ መስታወቱ እያየ ዓይኑን ይይዛል። አንዱ ባልዲ ይዞ ይሮጣል፣ አንዱ ምሰሶውን ይነቅላል። ያደታ እንጨቱን ጥሎ፣ ከአንድ ጎረምሳ ጋር በክፈፉ ጀርባ ዞረው ሸራውን ጎትተው ሲያወርዱት ብርሃኑ ጠፋ። የቀረው የተጠበሰ ሸራ ሽታና ትሪ የሚያህል ቀዳዳ ነው።

የሟች ባለቤት የሚቀመጡበት ቦታ ትክክል ከቀዳዳው ሥር ነበር። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ እሳቸው ተቀምጠው፣ ሴቱ ሁሉ ከቧቸው ይሆን ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ለእሳቸው የተነጠፈውን ፍራሽ አይቼ ራሴ ተረዳሁት።

ድንኳኑ አዲስ ነበር። አሮጌው ዝናብ ስለሚያስገባ አባላቱ ከወር መዋጯቸው ላይ እየጨመሩ ስንት ጊዜ ጠብቀው ያሠሩት ነው፤ ጋሽ ዘአማኑኤልም የመጀመሪያው ሆነው ሊሸኙበት ነበር። ጋሽ ሳህሌ ቀዳዳውን በከዘራቸው ጫፍ አመለከቱና ‹‹ትከሉት፣ ሰው ይጠብቃል›› ብቻ አሉ። ሦስቱንም ቀን በተቀደደው ድንኳን ተለቀሰ። ቀትር ላይ ፀሐይ በቀዳዳው ገብታ ለቀስተኛው ጭን ላይ ስትቀመጥ ሁሉም ያያታል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ለቅሶ ላይ አይቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ንፍሮ ሳቀርብ፣ ውሃ ስቀዳ ሰነበትኩ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው፣ እኔ ግን የምለቅመው እንኳን አላገኘሁም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው በእድሩ ቤት ተሰበሰበ። ማህሌት ልታስረዳ ተዘጋጅታ መጥታ ነበር፤ ብርሃን እንዴት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ ሥላለች። ቁጭ በይ አልኳት። ሰዎቹ ብርሃኑ እንዴት እንደሚሄድ በዓይናቸው አይተዋል።

ጋሽ ሳህሌ ነገሩን አቀረቡ፤ ግቢው ለብዙወርቅ ሥራ ይቀጥል ወይስ ይቁም? ተነሥቼ ጥፋቱ የመስታወቱ እንዳልሆነ፣ ሸራውን ተወው ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ድንኳኑን እንደማስጠግን ተናገርኩ። የጋራዥ ባለቤቱ አጥናፉ ‹‹ድንኳኑስ ይጠገን፣ ሰው ቢሆንስ ኖሮ?›› አለ። ፍራሹ ዓይኔ ላይ መጣ። አንዷ ሴትዮ ልጆቿን በዚያ በኩል ለመላክ እንደፈራች ተናገረች። ሌላው የእድር ግቢ የለቅሶ እንጂ የፋብሪካ አይደለም አለ። ሱፍያን ነገሩን ሊያለዝብ ሞክሮ፣ እሷ ከሌለች ድስት ከየት ልትገዙ ነው ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀም። እጅ ቢወጣ እንደማልተርፍ ከፊታቸው አነበብኩ። ያደታ በሩ አጠገብ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

ያን ጊዜ እትዬ አቻምየለሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። ወረዳ የከሰሱኝ እሳቸው መሆናቸውን የማያውቅ የለም። የመጨረሻዋን ሚስማር ሊመቱ ነው አልኩ በሆዴ። አግዳሚውን ተደግፈው ተናገሩ፤

‹‹ድንኳኑን አይቼዋለሁ። ተቀዷል፣ ይሰፋል። እኔ ግን እስከ አምና ድረስ ተጋድሜ አልተኛሁም። ትራስ ደርቤ፣ ተቀምጬ ነበር የማነጋው። ከመስከረም ወዲህ እንደ ሰው እጋደማለሁ። ይቺን ሴት አልወዳትም፤ እሷም አትወደኝም፣ ታውቁታላችሁ። ግቢውን ብትነጥቋት ግን ተመልሳ ዘይቷን ነው የምታነደው፤ ወረዳ ቢከለክልም ዘዴ አታጣም። ድንኳን የምትተክሉት ለሞተ ሰው ነው። እኔ ገና አልሞትኩም።››

ተቀመጡ። ጋሽ ሳህሌ ይቀጥል የምትሉ እጅ አውጡ ሲሉ፣ መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ወንዶቹ አወጡ። አጥናፉም እያጉረመረመ አወጣ። ግቢው ጸናልኝ፤ አንድ ደንብ ግን ተጨመረ። ከእንግዲህ ጡሩምባ ሲነፋ መስታወቱን ሳትሸፍን ለቅሶ የመጣች እንደሆነ፣ ብትገኝም ቀሪ ተብላ ትጻፋለች ተባለ። ሸፍና የዘገየች ግን እንደ ደረሰች ይቆጠርላታል። ጋሽ ሳህሌ ይህን ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ በእድሩ ታሪክ ዘግይተሽ ነይ የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰው ሲወጣ እትዬ አቻምየለሽን በር ላይ ጠበቅኋቸው።

‹‹እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይናገሩልኝ ኖሮ...››

‹‹ምስጋናሽን አቆይው›› አሉኝ። ‹‹ክረምት ሲገባ ፀሐይ የለም። ያኔ ምን ልታነጂ ነው?››

ከጓሮዬ፣ ከቆርቆሮ ሥር፣ ሁለት በርሜል ዘይት አስቀምጫለሁ። ማህሌት አታውቅም፤ ያደታ ብቻ ነው የሚያውቀው። በዝናብ ወረዳ አይዞርም፣ በዝናብ ጭስም አይታይም ብለን ተማክረናል። ዓመቱን ሙሉ ከምንሸጠው ድስት ብዙው የሚሸጠው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው፤ ያን ድስት የምናቀልጠው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ክረምትን ማቆም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም አስልተነዋል። እሳቸው ይህን ሁሉ በዓይናቸው እንዳዩት ሁሉ ቆመው ይጠብቁኛል።

እንዲህ ተጠግተን ቆመን አናውቅም ነበር። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ምንም አያፏጭም። ለስንት ዓመት በግድግዳ ማዶ ሳላቸውን እየሰማሁ ኖሬያለሁ። ትንፋሻቸውን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

‹‹ክረምት አላነድም›› አልኳቸው።

‹‹ቃልሽ ነው?››

‹‹ቃሌ ነው።››

ራሳቸውን ነቀነቁና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ያደታ ከኋላዬ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ በርሜሎቹ ጠየቀኝ። ሰምተሃል አልኩት። በነሐሴ ምን እንደምንበላ እሱም አላወቀም፣ እኔም አላወቅሁም። እትዬ አቻምየለሽ ዳገቱን ሳያርፉ ሲወጡት ሁለታችንም ቆመን አየናቸው።